ውርጭ ቆጥሮ መዝራት፦ የደጋ ጓሮ ልምድን በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ማላመድ

እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ የከዳኝ ቃል «ክረምት» ነው። አገር ቤት ክረምት ማለት ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጓሮው በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሲለብስ ነው። እዚህ ሐምሌ በጋ ነው፤ ክረምት የሚሉት ደግሞ አፈሩ እንደ ድንጋይ የሚጠጥርበትን ጥርን ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን ሞቅ ሲል ጊዜ አሥራ ሁለት የቃሪያ ችግኝ ደጅ ተከልኩ። በአምስተኛው ሌሊት ውርጭ መታቸው። ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስል ነበር።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት በደጋ ወይም በወይና ደጋ ጓሮ አልምተው፣ አሁን በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖሩ ነው። መቆፈሩን፣ መኮትኮቱን፣ ማረሙን ያውቁታል፤ እሱ አልተለወጠም። የተለወጠው መቼ የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ወሮች የፈረንጅ ናቸው፤ የዘር ፓኬቱም የአየር ትንበያውም የሚናገረው በእነሱ ስለሆነ ቶሎ ቢለምዷቸው ይሻላል።

አንደኛ፦ ዝናቡን ትተው ውርጩን ይቁጠሩ

አገር ቤት የምንዘራው ሰማይ አይተን ነው። በዚህ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን ከአዲስ አበባው ብዙም አይራራቅም። ግን የአዲስ አበባው አብዛኛው በክረምቱ ወራት ሲወርድ የዚህኛው በአሥራ ሁለቱም ወር ተከፋፍሎ ይጥላል። ስለዚህ ዝናብ መጣ ብሎ መዝራት እዚህ ትርጉም የለውም። የሚያስፈልጉዎት ሁለት ቀኖች ናቸው፤ የመጨረሻው ውርጭ የሚያበቃበትና የመጀመሪያው ውርጭ የሚመጣበት።

መሀል ከተማ ዲሲ ውስጥ ውርጩ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል መጀመሪያ ያበቃል። ወደ ዳር፣ ወደ ሮክቪል ወይም ወደ ማናሳስ ሲወጡ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ሊቆይ ይችላል። በመመለሻው ዳር ዳሩን በኦክቶበር አጋማሽና መጨረሻ ይመታል፤ መሀል ከተማው እስከ ኖቬምበር ሊተርፍ ይችላል። በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ። የደብረ ብርሃን ገበሬ ውርጭ ከጉብታው ይልቅ ረባዳውን እንደሚመታ ያውቃል፤ እዚህም ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳልና ከቤቱ በታች ያለው የጓሮ ጥግ መጨረሻ የሚተከልበት ይሁን።

የስልክዎ ትንበያ የሚናገረው በፋራናይት ነው። 32 ውኃ የሚረጋበት ሲሆን 50 ደግሞ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ትንበያው 36 ቢልም መሬት ላይ አመዳይ ሊያርፍ ስለሚችል ችግኙን በአሮጌ አንሶላ ይሸፍኑት፤ ፀሐይ ስትወጣ ያንሡለት።

ችግኝ ቤት ሲሄዱ «ዞንህ ስንት ነው?» ይሉዎታል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2023 ባወጣው ካርታ ይህ አካባቢ በአብዛኛው 7 ወይም 8 ውስጥ ይወድቃል። ይህ ቁጥር የሚነግርዎ ግን የክረምቱን ቅዝቃዜ ልክ ብቻ ነው። ጤና አዳም ደጅ ያድራል ወይስ አያድርም ለሚለው ይጠቅማል፤ ቲማቲም መቼ ልትከል ለሚለው ምንም አይልም።

ሁለተኛ፦ ከፀሐይዋ ጋር እንደ አዲስ ይተዋወቁ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ። በ39 ዲግሪዋ ዋሽንግተን የእኩለ ቀን ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። በቆሎውን፣ በእንጨት የሚወጣውን ቦሎቄና ቲማቲሙን በመደቡ ሰሜናዊ ጫፍ ካልተከሉ የኋላውን ሁሉ ያጨልሙታል። መሬት ከመቆፈርዎ በፊት በአንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወጥተው ጥላው የት እንደሚወድቅ ይዩ። ይህን ማርች ላይ ካደረጉት ግን ይጠንቀቁ፤ የጎረቤት ዛፍ ገና ቅጠል አላወጣም።

የቀኑ ርዝመትም ሌላ ነው። አዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ጁን ላይ ቀኑ 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ዲሴምበር ላይ ከ9 ሰዓት ተኩል አያልፍም። ይህ በጣም የሚታየው በቀይ ሽንኩርት ላይ ነው። ሽንኩርት ኳሱን መሥራት የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። አገር ቤት የለመድናቸው ዓይነቶች ለአጭር ቀን የተመረጡ ናቸው፤ እዚህ በጸደይ ሲተከሉ ገና ሦስት አራት ቅጠል ሳያወጡ ቀኑ ስለሚረዝምባቸው የዋልኑት ያህል ኳስ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሰው «አፈሩ ነው» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምርበታል፤ ምንም አይለውጠውም። ለዚህ አካባቢ ፓኬቱ ላይ «መካከለኛ ቀን» (intermediate day) የሚለውን ይፈልጉ፤ ማርች መጨረሻ ላይ በችግኝ ይትከሉ።

ሦስተኛ፦ አፈሩ

ከመቆፈርዎ ከጥቂት ቀናት በፊት 811 ይደውሉ። ነፃ ነው፤ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመር የት እንዳለ በቀለም ያሰምሩልዎታል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ከድሮ ቀለም የረገፈ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳያስመረምሩ ጎመን አይዝሩበት። የቨርጂኒያ ቴክ የአፈር ላቦራቶሪና በየካውንቲው ያለው የእርሻ ኤክስቴንሽን ቢሮ አሠራሩን ይነግሩዎታል። የልማት ሠራተኛ ማለት ናቸው፤ ጥያቄ ይዘው ቢሄዱ አይሰለቹም።

የአካባቢው አፈር አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ወይም ቢጫ ሸክላ ነው። መረሬ መሬት ላይ ያደገ ሰው አይደነግጥም፤ እርጥብ ሆኖ ከረገጡት ጡብ ይሆናል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ብስባሽ ይቀላቅሉበት። ከፍ ያለው መደብ በጸደይ ቶሎ ስለሚሞቅ ሌላም ጥቅም አለው። አፓርታማ የሚኖሩ ደግሞ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከታች በስተው አንድ የቃሪያ እግር ይትከሉበት፤ ለአንድ በረንዳ አምስት ባልዲ አያንስም።

አራተኛ፦ ሰብልዎን ለሁለት ይክፈሉ

ዋናው ይህ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ቀኑ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ እምብዛም አያልፍም፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጎመንም ቃሪያም ድንችም ጎን ለጎን የሚኖሩት ለዚህ ነው። እዚህ እንደዚያ ያለ አየር የሚገኘው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በኤፕሪልና በሜይ፣ ሁለተኛ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር። በመሀሉ ያለው ጁላይ ቀኑ በአማካይ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስና ሌሊቱም የማይቀዘቅዝ ነው፤ ጎንደር ሳይሆን መተማ በሉት፤ ያውም በወበቅ። ስለዚህ ጓሮዎ የአንድ ሰው ጓሮ ሳይሆን የደገኛና የቆለኛ ተራ ነው።

የደገኛው ተራ መጀመሪያ ይመጣል። ባቄላና አተር አፈሩ ሊቆፈር እንደቻለ፣ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ይግቡ። ትንሽ ውርጭ አይገድላቸውም። የሚገድላቸው መዘግየት ነው፤ ባቄላ ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ አበባውን ያረግፋል። በኤፕሪል የዘሩት ባቄላ ቁመቱ ያምርና እሸት ሳይሰጥዎት ይሞታል። ድንች ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይተከላል። አፈሩ ሲግል ድንቹ መቋጠር ስለሚያቆም ጁላይ መጀመሪያ ላይ መውጣት አለበት። ዘሩን ከችግኝ ቤት ይግዙ፤ የሱፐርማርኬት ድንች እንዳይበቅል መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። ሲያድግ እንደ አገር ቤቱ አፈር ያስታቅፉት። ቅጠሉ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ቢጫ ጥንዚዛ ካዩ በእጅ እየለቀሙ የሳሙና ውኃ ውስጥ ይክተቱ፤ ከቅጠሉ ሥር ያለውን ብርቱካናማ እንቁላሉንም ይጨፍልቁ። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንብላል በዚሁ ወቅት ይዘራሉ። ድንብላል ሙቀት ሲያይ ወዲያው ያብባል፤ ይተዉት፣ ፍሬውን ለቅመው ለቅመም ያውሉት።

የቆለኛው ተራ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ በቆሎ፣ ፎሶሊያና ዱባ ነው። እነዚህ ውርጩ ማብቃቱ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሌሊቱም ከ50 ፋራናይት በታች መውረዱን ማቆም አለበት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሜይ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው፤ የሰፈሬ አሜሪካውያን የእናቶች ቀን እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። የኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ በኤፕሪል ስለሚውልና አየሩም ስለሚያታልል «ከፋሲካ ማግስት» የሚል ሰው አለ። ፋሲካ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ቃሪያ ይህን አያውቅም።

ጎመን ላይ ትንሽ ልቆይ። የሐበሻ ጎመን ቀኑ ሲረዝምና ሲሞቅ ግንድ አውጥቶ ያብባል። አገር ቤት ወራት እየቀነጠስን የምንበላው፣ እዚህ በማርች ተዘርቶ በጁን ቢጫ አበባ ይሆናል። ስለዚህ በጸደይ ጥቂት ብቻ ዘርተው ገና ለጋ ሳለ ይብሉት፤ ዋናውን ለመኸር ያቆዩት። በጋውን የሚያሻግርዎት ኮላርድ ነው። እዚህ ስንደርስ «ጎመን» ብለን የምንገዛው እሱ ነው፤ የአሜሪካ ደቡብ ሰብል ስለሆነ ሙቀትንም ውርጭንም ይችላል። ጣዕሙ አንድ አይደለም የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። ቢሆንም በጁላይ ከምንም ይሻላል።

አምስተኛ፦ ዘር ከየት?

ከአገር ቤት በሻንጣ ዘር መያዝ የተለመደ ነው፤ ግን ያለ ወረቀት አይፈቀድም። የእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ወይም ለጥቂት ዘር አስቀድሞ ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚወሰድ ፈቃድ አለ፤ በዚህ ፈቃድ አንድ ፓኬት ከ50 ፍሬ፣ አንድ ጭነት ደግሞ ከ50 ፓኬት መብለጥ የለበትም። ሳያሳውቁ መግባት ዘሩንም ገንዘቡንም ያስከፍላል።

ለጎመን ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ለምጣድ ማሰሻ የሚሸጠው ጎመን ዘር ራሱ ዘር ነው። ከሐበሻ ሱቅ ያልተቆላና ያልተፈጨ ትንሽ ፌስታል ይግዙ። ከዚያ አሥር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርገው በፌስታል ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። በሳምንት ውስጥ ከስድስት በላይ ከበቀለ ይዝሩት። የደረቀ በሶብላም ራሱን ሲፈረፍሩት ጥቃቅን ጥቁር ዘር ይወጣዋል፤ በዚሁ መንገድ ይሞክሩት። ለቃሪያ፣ ዘር ካጡ አናሃይም የሚባለው ረዘም ያለ ቃሪያ ለስንግ የሚሆን ነው።

ስድስተኛ፦ ችግኝ በቤት ውስጥ ማፍላት

ቃሪያ ደጅ ከሚወጣበት ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት አስቀድሞ፣ ማለትም ማርች መጀመሪያ ላይ ቤት ውስጥ ይዘራል። ቲማቲም ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። ቃሪያ ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ። የማቀዝቀዣው ራስ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ሲበቅል የሚፈልገው ደግሞ ብርሃን ነው። የማርች መስኮት አያታልልዎ፤ ችግኙ እየቀጠነ ወደ መስታወቱ ይንጋደዳል። ተራ የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩለት።

ቤት ያደገ ችግኝ ነፋስም ፀሐይም አያውቅም። ከመትከልዎ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት፤ መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት በጥላ፣ በየቀኑ እየጨመሩ፣ ማታ ማታ እያስገቡ። በሥራ ምክንያት መመላለስ ካልቻሉ ቅዳሜና እሁድ ይጀምሩትና በሳምንቱ ቀናት ጠዋት በጥላ ትተውት ይሂዱ። ይህን የዘለለ ሰው ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል።

ሰባተኛ፦ ጁላይን ማለፍ

አገር ቤት ፀሐይ ሲበረታ መሬቱ ይደርቃል እንጂ ቅጠሉ አይሻግትም። እዚህ ሙቀቱና እርጥበቱ አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ ውኃ ጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ ያጠጡ። በሳምንት የሚያስፈልገው ከዝናቡ ጋር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጣሳ መደቡ ውስጥ አስቀምጠው ይለኩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። መሬቱን በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ ይሸፍኑ። ቲማቲሙን በእንጨት ደግፈው የታችኛውን ቅጠል ያንሡለት።

ቃሪያዎ አበባውን እያረገፈ ፍሬ ከከለከለዎ አይደንግጡ። ቀኑ ከ32፣ ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው አይቋጥርም፤ ኦገስት መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሸከማል። በዚህ ጊዜ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መጨመር ቅጠል እንጂ ቃሪያ አይሰጥም።

ጎመን ላይ የምታንዣብብ ነጭ ቢራቢሮ ካዩ ከቅጠሉ ጀርባ አረንጓዴ ትል አለ። ስስ የሰብል መረብ ከተከላው ቀን ጀምሮ ቢያለብሱት ሌላ ነገር አያስፈልግም። አጋዘን ግን መረብ አያቆመውም፤ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል የሚጠጋ አጥር ያስፈልገዋል። በልጅነቴ ከጦጣና ከዝንጀሮ ስንከላከል ነበር ያደግነው፤ የሜሪላንድ አጋዘን ከሁለቱም የባሰ ዐይን አውጣ ነው።

በርበሬ ለማድረቅ ያሰቡ ሰሌን ላይ አያስጡ። አገር ቤት መስከረም አልፎ ደረቅ ፀሐይ ይመጣል፤ እዚህ ቃሪያው የሚቀላበት ኦገስትና ሴፕቴምበር ወበቅ ነው፤ ሳይደርቅ ከውስጥ ይሻግታል። መሀሉን ሰንጥቀው በምድጃ ዝቅተኛ ሙቀት፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ወይም በምግብ ማድረቂያ ማሽን ያድርቁት። መስኮት መክፈትዎን አይርሱ፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ባይጮህ እንኳ ቤተሰቡ ይጮኻል።

ስምንተኛ፦ ሁለተኛው ዘር

ብዙ ሰው ቲማቲሙ ሲያልቅ ጓሮውን ይዘጋል። ለእኛ ግን ትልቁ ወቅት ያኔ ነው የሚጀምረው። ጁላይ መጨረሻ ላይ ጎመን፣ ኮላርድና ጥቅል ጎመን በጥላ ቦታ ያፍሉ፤ ኦገስት መጨረሻ ላይ ያዛምቱ። የሐበሻ ጎመን ኦገስት ውስጥ በቀጥታ መደቡ ላይ ሊዘራ ይችላል። ቆስጣና ቀይ ሥርም እንዲሁ። ቀኑ እያጠረና እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ወደ አበባ አይሮጥም። ቀላል ውርጭ ሲነካው ኮላርዱ ስኳር ያጠራቅማል፤ ጣዕሙ የሚያምረው ያኔ ነው። ጾመ ነቢያት ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሲገባ የእኔ ኮላርድ ገና ደጅ ቆሞ ነው፤ ከስስ ጨርቅ በታች እስከ ገና የተቀነጠሰበት ዓመት አለ።

ነጭ ሽንኩርት አገር ቤት በክረምት ዝናብ ይተከል ነበር። እዚህ ከመስቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይተከላል። ብርዱ ጠላቱ አይደለም፤ ፍንካቹ ተከፋፍሎ ራስ የሚሆነው ቅዝቃዜ ካገኘ ብቻ ነው። ሹሉን ወደ ላይ አድርገው 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመሀሉ 15 ሴንቲ ሜትር አራርቀው ይትከሉና ወፍራም የቅጠል ጉዝጓዝ ያልብሱት። ጁን ላይ የታችኛው ቅጠል ሲደርቅ ያወጡታል።

በመጨረሻ ማሰሮ ውስጥ ያሉትን ያስገቡ። ኮሰረት ውርጭ ፈጽሞ አይችልም፤ ሌሊቱ 45 ፋራናይት ሲል ቤት ይግባ። ጤና አዳም እንደ ዓይነቱ ነው፤ በችግኝ ቤት የሚሸጠው የፈረንጁ ዓይነት ደጅ ያድራል፤ የኛውን ግን ማሰሮ ውስጥ ባይተዉት ይሻላል። ሲገርዙት ጓንት ያድርጉ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ያቋጥራል። ጌሾን በትልቅ ማሰሮ ይዘው በረዶ በማይደርስበት ጋራዥ መስኮት አጠገብ ያሳድሩት። የሥጋ መጥበሻ ከደቡብ ግድግዳ ሥር ከተተከለ አብዛኛውን ክረምት ያልፋል፤ ጦስኝ ምንም አይሆንም።

ወደ ቤት ከማስገባትዎ በፊት ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ክሽክሽ አብሮ ከገባ እስከ ማርች የቤቱ ነዋሪ ይሆናል። በሞቀ ቤት ውስጥ ብርሃኑ ስለሚያንሰው ቅጠል ያረግፋል፤ ሰው ይህን አይቶ የውኃ ጥማት መስሎት ያሰምጠዋል። አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ካልደረቀ አያጠጡት።